እራት ከጀንበር በፊት

ጥቅምት 12

ለእህቴ ልጅ፣ ለድንቢጤ፣

ክፉ ነገር ሁሉ በሩቁ ይለፍሽ እያልኩ እጀምራለሁ። እንዴት ነሽ? ባልሽስ እንዴት ነው? ያ የሚነዳው ትልቅ መኪና በበረዶው ላይ አያንሸራትተውም? እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ እትዬሽም ደህና ናት፤ ይህን ስጽፍ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ስለሆነ የእሷን ሰላምታ ሳልጠይቃት ጨምሬልሻለሁ።

ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ሐይቁ የለም። ጉም ይወርድና ውሃውንም፣ ማዶውንም፣ የጀልባ መቆሚያውንም ይውጣቸዋል። ሞተር አስነስቼ ስወጣ ተሳፋሪው ዝም ይላል። ወሬያቸው የማያልቀው የገበያ ሴቶች እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ውሃ ላይ ልሁን ጥጥ ውስጥ ልሁን ይጠፋኛል። መንገዱን እጄ ያውቀዋል እንጂ ዓይኔማ ድሮ ትቶኛል። ሥራ ላይ ልሁን ሕልም ላይ ሳልለየው ማዶ እደርሳለሁ።

የጻፍኩልሽ ግን ለጉሙ አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ በእኔና በአንቺ መካከል ይሁን። እዚያ በሄድሽ ሰሞን ቃር ይዞሽ ተሠቃይተሽ፣ ምግብሽን አስተካክለሽ እንደተሻለሽ ጽፈሽልን ነበር። እትዬሽ ያኔ «የእኔን እጅ አጥታ ነው ሆዷ የተቆጣው» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። አሁን ተራው የእኔ ሆኗል። ከምሳ በኋላ የሞተሩን ገመድ ልስብ ጎንበስ ስል፣ ከሆዴ አንድ ትኩስ ነገር ተነስቶ ደረቴን እየላጠ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል። ኮምጣጣ ነው። ጠዋት ስነሳ ደግሞ ድምፄ ይዘጋል፤ ተሳፋሪ ስጠራ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ እላለሁ።

መካኒካችን የሰው ሆድና ሞተር አንድ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። «ለስላሳ ጠጣበት፣ ጋዙ ይገፋልሃል» አለኝ። ጠጣሁ። ጋዙስ ገፋ፤ ወደ ላይ።

ከሁሉ የከበደኝ እትዬሽ ናት። አምሽቼ ስገባ አሳውን በዘይት ጠብሳ፣ ቲማቲሙን ከቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት ጋር አቁላልታ፣ ሳትበላ ትጠብቀኛለች። ሳህኑን አስቀምጣ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ፊቴን ታያለች። እኔ ስጎርስ እሷም አብራኝ የምትጎርስ ይመስለኛል። እንዴት ብዬ ነው «ምግብሽ አቃጠለኝ» የምላት? እሳት ብታበላኝ ይቀለኛል፤ ለነገሩ እያበላችኝ ነው።

እና ምን ልብላ? ምን ልተው? የሚዋጥ መድኃኒት ካለም ላኪልኝ። አድራሻው እንደ ወትሮው የመቆሚያው ቢሮ ነው።

የሚወድሽ አጎትሽ


ጥቅምት 29

ለማከብርዎት አጎቴ፣ ለጋሼ፣

ጤናዎን ያብዛልኝ፤ ሐይቁም እንደ ጠባይዎ የረጋ ይሁንልዎ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ሰላም ብሎዎታል፤ መኪናውም እስካሁን አላንሸራተተውም።

እኔ ያለሁበትን ቢያዩት ከእርስዎ ጉም ብዙም አይርቅም። ግሪንሃውስ የሚሉት ከመስታወት የተሠራ ረጅም ቤት ነው። ውጭው በረዶ፣ ውስጡ ሙቀት። መስታወቱ ሲያልበው ይውላል። የቲማቲሙ ተክል ከጣሪያ በወረደ ክር ተይዞ ከቁመቴ በላይ ያድጋል፤ እኔ በሐዲድ ላይ በምትሄድ ጋሪ ቆሜ በመደዳዎቹ መካከል እየተንሳፈፍኩ ቅጠል እቆርጣለሁ። ከሰዓት በኋላ አምፖሎቹ ሲበሩ ሁሉ ነገር ቢጫና አረንጓዴ ይሆናል፤ ውሃ ሥር ያለሁ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ ቲማቲም ውስጥ እውላለሁ፣ አንድም አልቀምስም። የሥራ ጓደኞቼ «ይቺ ሴትዮ ከቲማቲም ጋር ተጣልታ ነው እንዴ እየቆረጠች የምትበቀለው?» ይላሉ።

ወደ ጉዳይዎ ልምጣ። መድኃኒት አልላክሁም፤ ሐኪም ሳያይዎት መላኩን ፈራሁ። እኔን የረዳኝን ግን እነግርዎታለሁ። ያኔ ያየኝ ሐኪም እንዳስረዳኝ፣ በጉሮሮና በሆድ መካከል እንደ በር የምትዘጋ ጡንቻ አለች። እሷ ስትላላ የሆድ አሲድ ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሰዓቱን ይለውጡ። እራትዎን ጀንበር ሳትጠልቅ ይብሉ፤ ሆድዎ ሥራውን ሳይጨርስ አይተኙ። አንዴ ጠግቦ ከመብላት ትንሽ ትንሽ ደጋግሞ መብላት ይሻላል። የተጠበሰና ቅባት የበዛበት ነገር ሆድ ውስጥ ይከርማል። ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ቃሪያና ሽንኩርት እኔን ያስነሱብኛል፤ ቡናና ቸኮሌትም እንዲሁ። የናዕናዕ ቅጠል ሻይ ሆድ ያረጋጋል ብለውኝ ጠጥቼ ደግሞ ባሰብኝ። ግን የሰው ሆድ አንድ ዓይነት አይደለም። ሁሉንም ባንድ ቀን አይጣሉ፤ አንዱን ትተው ይዩት፣ ለውጥ ከሌለው ይመልሱትና ሌላውን ይሞክሩ። አለዚያ በከንቱ ይራባሉ።

ጠዋት የአጃ ገንፎ በሙዝ ለእኔ ተስማምቶኛል። ቀን ሩዝ ወይም ድንች ከተቀቀለ ካሮት ጋር። አሳውን እትዬ በትንሽ ውሃ፣ በጨውና በእንስላል ታብስልልዎ። ቀበቶዎን ያላሉ። በልተው ወዲያው አይጎንበሱ፤ ገመዱን መካኒኩ ይሳበው። በግራ ጎንዎ ይተኙ። የአልጋውን የራስጌ እግሮች ጡብ ላይ ያስቀምጧቸው፤ ትራስ መደራረብ አንገት ያጣምማል እንጂ አይረዳም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ቀልድ ሳይቀላቅሉ ይመልሱልኝ። ሲውጡ ምግቡ ደረትዎ ላይ ይቆማል? ልብስዎስ ሰፍቶብዎታል? እንደዚያ ከሆነ ምግብ መምረጥ ብቻ አይበቃም፤ ውለው ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ። እትዬንም ይንገሯት። ከሚፈሩት በላይ ይገባታል።

ልጅዎ


ኅዳር 24

ለድንቢጤ፣

የልብሽን መሻት ይሙላልሽ፣ እጅሽንም ከመቀስ ይጠብቅልሽ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ መቆሚያው ላይ እግሬን ወደ ውሃው አንጠልጥዬ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ጡብ ፍለጋ ተነሳሁ።

እትዬሽ ማታ አልጋውን አይታ «ይሄ ደግሞ ወዴት ሊሄድ ነው?» አለችኝ። ወለሉ ዘሟል አልኳት። ወለሉን ጎንበስ ብላ አየችው፤ እኔንም አየችኝ፤ ተኛች። ጠዋት ግን እግርጌ ተጠቅልላ አገኘኋት። «ልጅ ሆኜ ከተንሸራተትኩ ወዲህ ይኸው ዛሬ» ብላ ተነሳች።

ከዚያ ወዲህ ሕልሜ ተለውጧል። ድሮ ስተኛ እንደ ድንጋይ ነበርኩ። አሁን ጋደም ባልኩ ቁጥር ጀልባዋ ውሃውን ትታ በሰማዩ ቁልቁለት ቀስ እያለች ትወርዳለች። ሞተር የላትም፣ ድምፅ የላትም። ተሳፋሪዎቹ የማውቃቸው ሰዎች ናቸው። አንድ ቀን ነፍሷን ይማረውና እናትሽም ነበረች፤ በዚያች ሰማያዊ ሻርፗ ራሷን አስራ፣ እጇን ከጀልባዋ አውጥታ ደመናውን እንደ ውሃ ትነካዋለች። «አትቸኩል ወንድሜ፣ ገና ቀን ነው» አለችኝ። ስነቃ ደረቴ አልተቃጠለም ነበር። እውነቴን ነው፣ ቃጠሎው ቀንሷል። ቃሪያውን ብተው ለውጥ አላየሁም፤ የተጠበሰውን ስተው ግን ሰው ሆንኩ። እንዳልሽው ነው፣ የሰው ሆድ አንድ አይደለም።

እራቴን መቆሚያው ላይ በጊዜ እበላለሁ። የመካኒኩ ምድጃ አለች፤ ድንችና ካሮት እንቀቅልባታለን። እሱ «ይሄ የታማሚ ምግብ ነው» እያለ ከእኔ እኩል ይበላል። ችግሩ ቤት ስገባ ነው። ጠግቤያለሁ እላታለሁ።

«የት በላህ?» አለችኝ።

«መቆሚያው ላይ።»

«ማን አበሰለልህ?»

«መካኒኩ።»

«እሱ ውሃ ማፍላት መች ያውቃል?» አለችና ሳህኑን አነሳች። በማግስቱ ስገባ ጉትቻዋን አድርጋ አገኘኋት። ለሠርግና ለመልስ ካልሆነ የማታወጣውን ጉትቻ። ምን እንደጠረጠረች ገባኝ። ግን ጀምሬ መናገር አቃተኝ። ምግቧን ብነካባት ሌላ ምን ይቀራታል ብዬ አሰብኩ። ልጅ ብላ ያሳደገችው አንቺን ነው፣ አንቺም ሄድሽ። አሁን የምታበላው እኔን ብቻ ነው።

መድኃኒቱን ተይው። ይልቅ ጥሩ ጥሩ ሾርባ የምታውቂ ከሆነ ጻፊልኝ። ዳቦና ሥጋ ትቻለሁ። ሾርባ ቀለል ይላል፣ ሰውም አያስቸግርም።

የጠየቅሽኝን ሁሉ መለስኩ መሰለኝ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 15

ለጋሼ፣

ባሉበት ሰላም ይዋሉልኝ።

የጠየቅኩዎትን ሁሉ አልመለሱም። ሁለት ነገር ጠይቄ ነበር፤ ሁለቱንም በጀልባዎ ዞረው አለፏቸው። ዳቦ ተው ያለዎት ማነው? እኔ አላልኩም። ሥጋም ቅባት የሌለው ከሆነ አይጎዳም ብዬ እነግርዎት ነበር። ሰው ዳቦ ትቶ ሾርባ ብቻ የሚጠጣው ደስ ብሎት አይመስለኝም። ተቆጣሁ ብለው አይቀየሙኝ። የተቆጣሁት ስለፈራሁ ነው።

የሾርባውን ነገር እጽፍልዎታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሐኪም ቤት ሄድኩ ብለው ይጻፉልኝ።

እኔንም ቃሩ ተመልሶ ይዞኛል። የምበላውን አልለወጥኩም፤ በሰዓቴ እበላለሁ፣ በግራ ጎኔ እተኛለሁ፤ እሱ ግን መጣ። ሰሞኑን ደግሞ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። ጋሪዋ ላይ ቆሜ ዓይኔ ይከደናል። አምፖሎቹ ሲበሩ መደዳው ርዝመቱ መጨረሻ ያጣብኛል፤ የውሃው ቧንቧ ሲንጠባጠብ ሰው ስሜን የሚጠራ ይመስለኛል። ለዓመታት የለመድኩት የቲማቲም ቅጠል ሽታ ባሕርዬን ለውጦ ደጅ ያስወጣኛል። በረዶው ላይ ቆሜ ጥቂት ተንፍሼ እመለሳለሁ። ባለቤቴ ምሽት ሲወስደኝ ዝም ብሎ የመኪናውን መስኮት ይከፍትልኛል። ድካም ነው፤ ክረምቱ ያልፋል።

እትዬን ይሳሙልኝ። ጉትቻው አምሮብሻል ይበሏት፤ ቢያንስ እሱን።

ልጅዎ


ጥር 8

ለጋሼ፣

ደብዳቤዎ ዘገየብኝ። ስልክ ደወልኩ፤ እትዬ አነሳችና «ደህና ነው፣ ውሃ ላይ ነው» አለችኝ። ሁለተኛ ስደውልም ውሃ ላይ ነዎት። ሐይቁ ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር። እትዬ ድምፅዋ ልክ አልነበረም። እኔም ስለ ብርዱ አወራኋት።

ሾርባም፣ ምግብም፣ ምክርም ይቅር። በሕይወት አለሁ ብለው አንድ መስመር ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


ጥር 21

ለድንቢጤ፣

ሐሳብ ላይ ስለጣልኩሽ የበዛ ይቅርታሽን እየለመንኩ፣ ፈጣሪ በደጅሽ ጤናን ያቁምልሽ እላለሁ። አለሁ። ይህን የምጽፈው ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ነው። የሆነውን ሁሉ ልንገርሽ፤ ይኸኛውን ዞሬ አላልፈውም።

ሲውጡ ይቆማል ወይ ብለሽኝ ነበር። ይቆም ነበር። መጀመሪያ ሥጋው፣ ቀጥሎ ዳቦው። ደረቴ መሃል መጥቶ እንደ ተሳፋሪ ተሰልፎ ይቆማል፤ ውሃ እጠጣበታለሁ፣ ሲፈልግ ይወርዳል። ቃጠሎው ቀንሶልኝ ስለነበር ይኸኛውም አብሮ ይለቀኛል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ልብሱም ሰፍቶ ነበር። ቀበቶ አላላ ስትዪኝ ሳቄ መጣ፤ ቀዳዳ እየጨመርኩ ነበርና።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ውሃው መስታወት የመሰለ ጊዜ፣ ከመካኒኩ ጋር ድስታችንን ከበን ተቀምጠን ሳለ እትዬሽ ከተፍ አለች። ጉትቻዋን አድርጋለች። የጠረጠረቻትን ሴትዮ ልትይዝ ነው የመጣችው። ዞር ዞር ብላ ያየችው ድንች፣ ካሮትና ዘይት የጠጣ ቱታ የለበሰ መካኒክ ብቻ። ግራ ገባት። ፈገግ ለማለት ሞከረችና ከቅርጫቷ ዳቦ አውጥታ ቆረሰችልኝ። ያን ጊዜ እንቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ያን ፊቷን አይቼ እንዴት እንቢ ልበል? ጎረስኩ።

ቆመ። ውሃ ብጠጣ ውሃው ተመለሰ። ምራቄ እንኳ አልወርድ አለ። አልታፈንኩም፣ እተነፍሳለሁ፤ ግን ደረቴ ተቆልፏል። መካኒኩ «ምን ላድርግ፣ ምን ላድርግ» እያለ ይሮጣል። እትዬሽ አልሮጠችም። አጠገቤ ተንበርክካ ጀርባዬን በመዳፏ እየደገፈች «ቀስ፣ ቀስ» ትለኛለች። የሐይቁ ብርሃን ዓይኔ ውስጥ ይዋኛል፤ ድምፅዋ ከማዶ የሚመጣ ይመስለኛል። ብዙ ቆይቶ ዳቦው ተመልሶ ወጣ።

ሳንቃው ላይ ተቀመጥን።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ቃሩን፣ ጡቡን፣ ያንቺን ደብዳቤ፣ መዋጡን። እስክጨርስ ጉትቻዎቿን አንድ በአንድ አወለቀች።

«ሌላ ሴት ብትሆን ፀጉሯን ይዤ እጎትታት ነበር» አለች። «ይሄን ምን ይዤ ልጎትተው?»

በማግስቱ ራሴ በነዳሁት ጀልባ ተሻገርንና ማዶ ያለው ሐኪም ቤት ገባን። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፌ ልታስገባ መሆኑን ነገረችኝ። ክንዴ ላይ መርፌ ሰጥተው በግራ ጎኔ አስተኙኝ፤ በዚህ ጎን መተኛቱንስ ካንቺ ተምሬዋለሁ። መስኮቱ ላይ ነጭ መጋረጃ ነበር። እሱን እያየሁ ጉሙ መጣ፤ ያ የጠዋቱ ጉም። ከዚያ ስነቃ እትዬሽ ጫማዬን ታቅፋ ተቀምጣለች።

ሐኪሟ ያለችው እንዲህ ነው። አሲዱ ለዓመታት እያቃጠለ የምግብ መውረጃዬን አቁስሎት፣ ቁስሉ ሲድን ጠባሳ እየሆነ አጥብቦታል። እዚያው በቱቦው ሰፋ አድርጋልኛለች። አሲድ የሚቀንስ ክኒን ሰጥታኛለች፤ የምግቡን ነገርም እንድቀጥልበት አዛኛለች፤ አኝኬ አኝኬ እንድውጥ ጭምር። ከዚያ ደግሞ፣ ጠባሳው አጠገብ ያየችው አንድ ቦታ አላማራትም፤ ትንሽ ቁራጭ ወስዳ ለምርመራ ልካለች። ውጤቱ ገና ነው። እንግዲህ ያን እንጠብቃለን። ስለዚህ ነው ለመጻፍ የዘገየሁት፤ ከውጤቱ ጋር ልጽፍልሽ ብዬ ነበር።

እትዬሽ አሁን ወጥ ቤቱን ገልብጣዋለች። የመጀመሪያ ቀን አሳውን በውሃ ስታበስል ድስቱን እንደ ጠላት ነበር የምታየው። «ይሄ ምግብ ነው ወይስ ማጠቢያ?» ትላለች። ከዚያ እንስላሉን ጨመረች፣ ከዚያ የካሮት ጭማቂ፣ ከዚያ እኔ የማላውቀውን ቅጠል። አሁን መቆሚያው ድረስ ይዛ ትመጣለች። ፀሐይዋ ውሃው ላይ ስትንጋለል ሁለታችን እንበላለን። ሲመሽ እሷ ድሮ ብቻዋን ትጠብቀኝ የነበረውን ሰዓት አሁን አብረን በእግር ወደ ቤት እንሄድበታለን።

አንድ ነገር ልጨምር። ደብዳቤሽን ካሮት ስትልጥ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሽታው ደጅ ያስወጣኛል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል ያልሽው ላይ ስደርስ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት።

«ይሄ ቃር ብቻ አይደለም» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ጠይቃት» አላለችኝም፤ እኔም አልጠይቅሽም። ያለፈውን ጊዜ አልረሳንም። ዝም ያልሽበት ምክንያት ይገባናል። ግን እኔ ዝም ብዬ የሆንኩትን አየሽ።

አጎትሽ


የካቲት 11

ለጋሼ፣ እና አብራ ለምትሰማው ለእትዬ፣

ሁለታችሁንም ያቆይልኝ።

እትዬ ልክ ናት።

አልጻፍኩላችሁም። ባለፈው ጊዜ እርግዝናዬ ገና ሳይታወቅብኝ ደስታዬን ለሁሉ ተናግሬ፣ ከዚያ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው «የለም፣ ቀረ» ማለት ነበረብኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። አሁን ከባለቤቴ ሌላ የሚያውቅ የለም፤ ከእሱም ጋር ስለሱ አናወራም። እንደ ተኛ እንግዳ፣ ድምፅ ካሰማን የሚነቃና የሚሄድ ይመስለናል። ቤት ውስጥ በካልሲ ነው የምንሄደው።

ሐኪሜ ቃሩ በዚህ ጊዜ የሚጠበቅ ነው አለችኝ፤ ልጁ ሲያድግ ሆድን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከምትነግረኝ ነገር አብዛኛው ለእርስዎ የጻፍኩት ነው፤ ትንሽ ትንሽ መብላት፣ በጊዜ መብላት፣ ከፍ ብሎ መተኛት። ደብዳቤውን ለራሴ እንደ ጻፍኩት ነው የምቆጥረው።

ትናንት ጋሪዋ ላይ ሆኜ፣ አምፖሎቹ ሊበሩ ሲሉ፣ ውስጤ አንድ ነገር ዞረ። አሳ ውሃ ውስጥ ሲገለበጥ እንደሚታየው ዓይነት፤ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ጋሪዋን አቆምኩ። መስታወቱ ላይ በረዶ ይወርድ ነበር፣ እኔ ላይ ሙቀት። እንደገና ዞረ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ጓደኞቼ መቀሱን ከእጄ ወስደው አስቀመጡልኝ። ይህን የምነግረው ሰው ስፈልግ ያገኘሁት እናንተን ነው።

አሁን የእርስዎን። ውጤቱ ምን አለ? እንደደረሰ ይደውሉልኝ፤ እንቅልፍ ላይ ብሆንም ይቀስቅሱኝ።

አንድ ልመና ደግሞ አለኝ። ከዚህ በፊት ሦስቴ ጽፌ ቀደድኩት። በምወልድበት ጊዜ እትዬ አጠገቤ ብትሆን እመኛለሁ። ግን ምግብዎን የምታበስል እሷ ናት። ይህን ስጠይቅዎ አፈርኩ፤ ጠየቅኩም።

ልጅዎ


ግንቦት 17

ለድንቢጤ፣

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ሴት በሰላም ትግባልሽ፤ በሰላምም ተገላገዪ።

ውጤቱን በስልክ ሰምተሻል፤ በጽሑፍም ይኑርሽ። ክፉ ነገር አልተገኘበትም። ሐኪሟ ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ እትዬሽ «እስቲ ድገሚው» አለቻት። ደገመችው። መውረጃው ግን ወደፊት ሊጠብ ስለሚችል በየጊዜው መታየት አለብኝ፤ ካስፈለገም እንደገና ይሰፋል። ክኒኑም ምግቡም አይቀሩም። ይሁን፤ ከእነሱ ጋር መኖር ለምጃለሁ።

የጉዞ ወረቀቷ ከተሳካ ወዲህ እትዬሽ ሁለት ሰው ሆናለች። አንዷ ሻንጣ ታዘጋጃለች፤ ሌላዋ እኔን ወጥ ቤት ታስተምራለች። አሳው ሲነጣ አውጣው፣ ሩዙን አታማስለው፣ ገንፎው እንዳይጓጉል እሳቱን ቀንስ። አንዳንዴ እጄን ይዛ ማማሰያውን ታዞረዋለች። ስንት ዓመት በአንድ ቤት ኖረን እጇ ይህን ሁሉ ሲሠራ አላየሁትም ነበር፤ የማየው ሳህኑን ብቻ ነበር። መካኒኩ ደግሞ «እኔ አለሁለት» ይላታል። ይህን በሰማች ቁጥር አንድ ትምህርት ትጨምርልኛለች።

ዛሬ የመጨረሻው እራት የእኔ ነበር። እሷን ከወንበሯ እንዳትነሳ ከለከልኳት። ድንቹ አልበሰለም፣ አሳው ከሚገባው በላይ በስሏል፣ ጨው ረስቻለሁ። እሷ ግን በላችው። ጨረሰችውና «ነገ እሄዳለሁ» አለች፣ እንደማላውቅ። ከዚያ «ትበላለህ አይደል?» አለችኝ። «እበላለሁ» አልኳት። መሽቶ እንደሆነ አላስተዋልንም፤ መብራት ያበራ የለም።

ጠዋት በራሴ ጀልባ አሻግራታለሁ። ከማዶ አውቶቡስ አለ፣ ከአውቶቡሱ አውሮፕላን። አውሮፕላን እንደማትፈራ ነግራኛለች፤ ሦስቴ ነግራኛለች።

ስትደርስ ዕቃዋን ላሳይሽ፣ ያመጣሁትን ልዘርግፍልሽ፣ ወጥ ቤትሽ የት ነው ትልሻለች። እሺ አትበያት። መጀመሪያ አስቀምጪያት። ኮቷን አውልቂላት፤ እጇ ይበርዳታልና በሁለት እጅሽ ይዘሽ አሙቂላት። ሲሞቅ ሆድሽ ላይ አድርጊላት፣ ልጁ እስኪዞር ድረስ ዝም በሉ። ከዚህ እስከዚያ ሌላ ነገር አስባ አትመጣም።

አጎትሽ